የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ወደ ገበሬው ማሳ ሲመጣ ጥያቄው የማን ይሁን?

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣሉ። አንዱ ኮርስ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ነው፤ ሌላው የደን ልማት ወይም የገጠር ልማት ይባላል። የሁሉም ዓላማ ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር እንዲያገናኝ፣ መሬቱም ውሃውም ለመጪው ትውልድ እንዲተርፍ መርዳት ነው። እኛ በምርምር ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ትምህርት እንደግፋለን። ሆኖም ኮርሱ ገበሬውን የሚጠቅመው ጥያቄው ከገበሬው ሲነሣ፣ ጊዜው የእርሻውን ወራት ሲከተልና ውጤቱ ወደ መንደሩ ሲመለስ ነው ብለን እናምናለን። ይህ እንዲፈጸም ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ድርሻ ያላችሁ እናንተ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች ናችሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ እርዳታ ሲቋቋም፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ ላይ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ተቋም ለብቻው ተቋቋመ። ክፍፍሉ ለእያንዳንዱ ሥራ ባለቤት አስገኝቶለታል። በሌላ በኩል ግን የገበሬው አንድ ጥያቄ በሦስት መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ እንዲንከራተት አድርጎታል።

ተማሪዎችን ወደ ሕዝቡ የመላክ ሐሳብም ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ዛሬም የጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርትን ዋና መመሪያው አድርጎ ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን ወደ ሕዝቡ ያሰማራል።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን በሌላ ቦታ ሲወሰን፣ ተማሪው ብዙ ይማራል፤ መንደሩ ግን ጥቂት ብቻ ይቀርለታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

የአቀንጭራ ምሳሌ

ይህን ለማስረዳት ማሽላ አምራቾች በሚገባ የሚያውቁትን አቀንጭራን እንውሰድ። አቀንጭራ በማሽላ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግባቸውን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል አብዛኛውን ጉዳት አድርሶ ጨርሷል። አንድ ተክል እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር በአሥር ሺዎች ያረግፋል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ በአንድ ቀበሌ ሁለት ወር ቢቆይ፣ ያንን ዘር ምን ያህል ሊቀንሰው ይችላል? ምንም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በየዓመቱ የሚመጡት ተማሪዎች በዚያው ማሳ ላይ ያለፈውን ዓመት መዝገብ ተቀብለው ቢቀጥሉ ሁኔታው ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹ በየማሳው የበቀለውን አቀንጭራ ይቆጥራሉ። ቀጣዮቹ መቋቋም የሚችል የማሽላ ዝርያን ከማዳበሪያና ከእርጥበት ጥበቃ ጋር አጣምረው ከተለመደው አዘራር ጋር ያወዳድራሉ። ሦስተኛዎቹ እንደ አኩሪ አተር ያለ፣ የአቀንጭራን ዘር አብቅሎ የማያሳድግ ሰብል በፈረቃ እንዲዘራ ያደርጋሉ። በአምስተኛው ዓመት ማኅበሩ በእጁ የሚይዘው የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል።

ምርምሩና ትምህርቱ ሲገናኙ ምን እንደሚገኝ በዚሁ ሰብል ታይቷል። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ባደረጉት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን የተለቀቁት ከዚሁ ሥራ ነው። ዘሩ ግን ብቻውን አይበቃም። ዘሩን ከማዳበሪያው፣ ከእርጥበት ጥበቃውና ከአረም ነቀላው ጋር በየመንደሩ ልክ የሚያዋድድ ሰው ያስፈልጋል። የኮርሱ ተማሪ ሊሠራው የሚገባም ይኸው ነው።

የዓለማያ ሐይቅ ትምህርት

ሁለተኛው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። ከዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የሚገኘው ሐይቅ ለሐረር ከተማና ለአካባቢው የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያውም ጫትና አትክልት በመስኖ ይለማ ነበር። ውሃው በብዙ ፓምፕ ሲሳብ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለልም ሲሞላው፣ ሐይቁ እያነሰ ሄዶ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ደረቀ። ከተማዋም ውሃዋን ከሩቅ ለማምጣት ተገደደች። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውሃው መመለሱ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም የቀድሞዎቹ ምክንያቶች ካልተወገዱ ነገ ተመልሶ አይደርቅም ለማለት አይቻልም።

በእኛ አስተያየት በዚያ አካባቢ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው ገበሬው፣ ከተማውና ምሁሩ በአንድነት የሚያነቡት የውሃ መዝገብ ነበር። ውሃው በየወሩ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ፓምፕ እንደሚስብ፣ በየክረምቱ ምን ያህል ደለል እንደሚገባ መመዝገብ ለአንድ ኮርስ የሚበቃ ሥራ ነው። ተማሪው ሲሄድ ልኬቱ እንዳይቋረጥም፣ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ወጣቶች መለኪያውን ማንበብ አስቀድመው መልመድ አለባቸው።

መምህራኑ ለሚያነሡት ክርክር

አንዳንድ መምህራን «ኮርሱ የተወሰነ ሰዓትና ፈተና አለው፤ የገበሬውን ጊዜ ልንከተል አንችልም» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። በተለመደው አሠራር ተማሪው ዕረፍት የሚወጣው ገበሬው በሚዘራበትና ጎርፉ አፈሩን በሚወስድበት በክረምት ነው። ስለሆነም አፈር ሲታጠብ ሳያይ ስለ አፈር መታጠብ ተፈትኖ ያልፋል።

መፍትሔ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለማያ በሳሳካዋ የአፍሪካ የኤክስቴንሽን ትምህርት ፈንድ ድጋፍ የተጀመረው ፕሮግራም በመስክ የቆዩ የልማት ሠራተኞችን ለዲግሪ ሲያስተምር፣ በትምህርቱ መካከል ወደ ሥራ ቦታቸው ተመልሰው ከገበሬው ጋር የመረጡትን ሥራ ለወራት እንዲያካሂዱ ያደርጋል። ለሠራተኛው የሚቻለው ለወጣቱ ተማሪ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። ኮርሱን በሦስት ከፍሎ በበጋ ጥናቱንና የእርከን ሥራውን፣ በክረምት ዘሩንና የጎርፍ ልኬቱን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የምርት ሚዛኑን ማካሄድ ይቻላል።

ከእናንተ የሚጠበቀው

1. ማኅበሩ በየዓመቱ ከመስከረም በፊት በጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ጥያቄዎችን መርጦ በጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲው ያቅርብ። ሴቶች አባላት ሳይጠየቁ የተመረጠ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ ስለ ማገዶ፣ ስለ ውሃና ስለ ዘር አቀማመጥ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

2. ሙከራው በመጀመሪያ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በማኅበሩ የጋራ መሬት ላይ ይሁን። በግለሰብ ማሳ ላይ የሚደረግ ከሆነ፣ ምርቱ ቢጠፋ ማን እንደሚክስ ከመዘራቱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ሩብ ሄክታር ለተማሪው ሙከራ ነው፤ ለባለቤቱ ግን የቤተሰቡ የወራት ቀለብ ነው።

3. የኤክስቴንሽን ሠራተኛው የጥያቄ ወረቀት አዳይ ብቻ መሆን የለበትም። ከመምህሩ ጋር ዕቅድ ያውጣ፤ ተማሪውን ሲመዝኑም ድምፅ ይኑረው።

4. ማንኛውም ቡድን ከመሄዱ በፊት ያገኘውን ውጤት ለጉባኤው በአካባቢው ቋንቋ በቃል ያስረዳ። የመዝገቡን አንድ ቅጂ ለማኅበሩ፣ አንዱን ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለቅርቡ የምርምር ጣቢያ ያስረክብ።

5. ያልተሳካ ሙከራም ይመዝገብ። ያልበቀለው ዘርና የፈረሰው እርከን ካልተጻፉ፣ የሚቀጥለው ቡድን ያንኑ ኪሳራ ይደግመዋል።

ብዙ ገበሬዎች በመጠየቅ ብዛት ተሰላችተዋል። አምስት ጊዜ ተጠይቆ አንድም መልስ ያልተመለሰለት ሰው፣ በስድስተኛው የሚናገረው እንግዳውን ለመሸኘት ያህል ነው። በዚያ መልስ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ለማንም አይበጅም፤ ለእኛም ለተመራማሪዎቹ ጭምር። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ፣ የማኅበሩ ጥያቄዎችና ያለፈው ዓመት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁት።