ፖስቱን ማጥፋት መልስ አይደለም

ኅዳር 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኦስሎ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በንግግራቸው በባድመ ጦርነት ወጣት የራዲዮ ኦፕሬተር ሆነው ያዩትን አነሱ፤ ጦርነት ለገባበት ሁሉ የሲኦል ገጽታ መሆኑንም ተናገሩ። ያን ሰሞን ፌስቡክ የከፈተ ሰው የኦስሎውን ፎቶ ሳያይ አላለፈም። ልክ በአራተኛ ዓመቱ፣ እሑድ ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ ጦርነትን የሚቃወም ሰልፍ ሊደረግ ታስቦ ነበር። አልተደረገም። መንግሥት ከለከለው፤ ቀኑ ሳይደርስም ከአስተባባሪዎቹ የታሰሩ ነበሩ።

መንግሥት ሰልፍ መከልከሉ ለማንም ዜና ስላልሆነ እሱን ልለፈው። የኔ ጸብ ከሚጽፉት፣ ከሚያጋሩት፣ ማታ ማታ «ላይቭ» ከሚገቡት ጋር ነው። የኦስሎውን ፎቶ ፕሮፋይላቸው ካደረጉት ውስጥ ስለተከለከለው ሰልፍ አንድ መስመር የጻፈ ስንት ነው? ከጻፉትም ብዙዎቹ የጻፉት የጠሪዎቹን ዘር ለመቁጠር ነው። አንዱ ወገን «የፋኖ ሽፋን ነው» አለ። ሌላው «ትግራይ ስትነድ የት ነበራችሁ?» አለ። ሁለተኛው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ግን መልስ ፍለጋ አልነበረም የተጠየቀው፣ ለመቅረት ሰበብ ነበር።

እዚህ ባሕር ዳር ነገሩ እንዴት እንደጀመረ እናውቃለን። በ2010 ክረምት መግቢያ ስታዲየም ሞልቶ ለአዲሱ መሪ ድጋፍ የወጣው ሕዝብ አብዛኛው ከልቡ ነበር የወጣው። ለምን አይወጣ? ይቺ ከተማ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ልጆቿን አጥታለች፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ላይ ብቻ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ነው ያስታወቀው። ተኩስ የሰለቸው ሰው ስለ ይቅርታ የሚያወራ መሪ ሲያገኝ ቢወደው ምንም አይገርምም። ችግሩ የመጣው ብዙ ሰው ሰላምን ከሰውየው ጋር አስሮ ገመዱን ለሰውየው ሲያስረክብ ነው። ሰውየው ወደ ጦርነት ሲሄድ ሰላሙም አብሮ ተጎተተ፤ ትናንት «ፍቅር ያሸንፋል» ይል የነበረ ገጽ በአንድ ሌሊት የግንባር ዜና ማሰራጫ ሆነ። አድራሻውም ተከታዩም ያው ነው፣ ቃላቱ ብቻ ተገላበጡ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፤ ጦርነቱ ፈነዳ። ኅዳር 4 ሌሊት ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ሮኬት ተተኮሰ። የሮኬት ድምፅ ሰምቶ ያደረ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም፤ ቁጣና ዘመቻ ግን ይለያያሉ። ሰባት ወር ቆይቶ ሰኔ 14 ምርጫ መጣ። በዚያ ምርጫ ከታወቁት ፓርቲዎች መካከል ጦርነቱን እቃወማለሁ ብሎ ድምፅ የጠየቀን አልነበረም። ብልጽግና ጦርነቱን ይመራ ነበር፤ ኢዜማም፣ እዚሁ ከተማችን ላይ የተመሠረተው አብንም ዘመቻውን ደግፈዋል። ብልጽግና 410 ወንበር ወሰደ፤ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። በመስከረም የአብኑ በለጠ ሞላና የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ሚኒስትር ሆኑ።

«ፀረ ጦርነት ዕጩ ቢኖር ኖሮ እኮ እንደግፈው ነበር» የሚለውን ወሬ አልቀበለውም። ዕጩ ከሰማይ አይወርድም። የምርጫ ክርክሩ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እያንዳንዱን ተወዳዳሪ «ጦርነቱ በምን ይቆማል? መቼ?» ብሎ እስኪመልስ ድረስ የሚያስጨንቅ ጸሐፊ ሲኖር ነው ዕጩው የሚወለደው። ያን የማድረግ አቅም የነበራቸው መቶ ሺህ ተከታይ ያላቸው ሰዎች ያን ጊዜ የሠሩት ምንድን ነው? የተያዙ ከተሞችን ስም ዝርዝር መለጠፍ።

ደግሞ ታማኝነት የሚገባቸው ሰዎች ብቅ ሲሉ እንኳ አናያቸውም። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያጸድቅ 16 አባላት ተቃውመዋል፤ 12ቱ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። እስኪ የአምስቱን ስም ጥራ። ጥሪ አንቺም። የሃያ ዩቲዩበር ስም ከነመኪናቸው የምንዘረዝር ሰዎች፣ ወታደር ወደ መንደራችን እንዳይገባ እጁን ያወጣውን ሰው አናውቀውም። የምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለ የታሰሩት በዚያው ሰሞን ነው፣ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ። ፓርቲያቸው የፊተኛውን ጦርነት መደገፉ እውነት ነው። ይህን እያስታወሱ ስለ እስራቸው መጮህ ይቻላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የማይችል ደጋፊ ለሰውየውም ለጉዳዩም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የሰሜን ዕዝ ጥቃት አንደኛ ዓመት ነበር። በዚያው ቀን ባሕር ዳር ላይ የዩኒቨርሲቲያችን የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጅ ላይ በጥይት ተመትተው ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት 50 ሺህ ገደማ ተከታይ የነበረው አንድ የፌስቡክ ገጽ ፎቷቸውን ለጥፎ፣ በሐሰት ወንጅሎ፣ የት አካባቢ እንደሚኖሩ ጽፎ ነበር። ከሥር የተጻፈው ኮሜንት ምን ይመስል እንደነበር መድገም አልፈልግም። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሳ ለኩባንያው ቢያመለክትም የረባ መልስ የመጣው አባቱ ከተቀበሩ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ በ2017 መጋቢት ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ኩባንያው ይጠየቅ፤ ቢሊየን ዶላር የሚያተርፍ ድርጅት አማርኛ የሚያነብ ሰው በበቂ ሳይቀጥር አማርኛ ጥላቻ ሲሸጥ መኖሩ ወንጀል ነው ባይ ነኝ። ግን ያን ጽሑፍ የጻፈው አልጎሪዝም አይደለም። አማርኛ የሚያውቅ፣ ምናልባትም ከፔዳ ወደ ገበያ በኛው ባጃጅ የሚሄድ ሰው ነው። ያጋሩትም እንዲሁ። «ሼር» የተጫነችው ጣት የማን ነበረች? ካሊፎርኒያ ያለውን ኩባንያ ናይሮቢ ድረስ የሚከስ ልጅ አለ፤ እዚህ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን «ያን ቀን ምን ለጠፍክ?» ብሎ አልጠየቀም። በኋላ ብዙ ገጾች በዝምታ ጸዱ፣ አንዳንዶቹ ስማቸውን ቀየሩ፣ አንዳንዶቹ አሁን የማነቃቂያ ጥቅስ ይለጥፋሉ።

«ሁሉም እንዲህ ነበር» ይሉሃል። ውሸት ነው፤ ሁሉም አልነበረም። ዝም ያሉ ነበሩ፣ ጎረቤታቸውን የደበቁ ነበሩ፣ «ተው» ብለው ጽፈው የተሰደቡ ነበሩ። «እነሱስ?» ይሉሃል። አዎ፣ እነሱም። ማይካድራም፣ አክሱምም፣ ጭናም የሆነው ሆኗል፤ የእያንዳንዱ ወገን ጸሐፊ የራሱን ሬሳ ብቻ ሲቆጥር ከርሟል። የራሱን ሙታን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሐዘንተኛ ሊባል ይችላል፣ ሐዘኑም ይከበርለት። ጦርነት ተቃዋሚ ነኝ ሲል ግን አልሰማውም።

ጦማር ደብዳቤ ማለት ነው። ቃሉን ለብሎግ የወሰዱት ሰዎች ጥሩ መርጠዋል፤ ደብዳቤ ላኪ አለው፣ ቀን አለው፣ አንዴ ከተላከ አይመለስም። የዞን ፱ ልጆች «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ሲሉ ስማቸውን ጽፈው ነበር። (ቃሊቲ ስምንት ዞን ስላለው ዘጠነኛው እስር ቤት ከግንቡ ውጪ ያለው ሀገር ነው ማለታቸው ነበር።) በሚያዝያ 2006 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በጻፉት ሁሉ ተስማማን አልተስማማን፣ ዋጋውን በስማቸው ነው የከፈሉት። የዛሬው ባለ መቶ ሺህ ተከታይ ግን «የሕዝብ ልጅ» የሚል ስምና የአንበሳ ፎቶ ይዞ የሰው ቤት አድራሻ ይለጥፋል።

ሕግ አለ እንዳትሉኝ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨን ጥፋት ለይቶ ቅጣት ያከብዳል። ችግሩ በዚህ ሀገር ተጠያቂነት ሲባል ፖሊስ ብቻ ነው ትዝ የሚለን፤ ፖሊስ ደግሞ ጋዜጠኛውንና ጥላቻ ነጋዴውን በአንድ መኪና ይጭናል፣ አንዳንዴም ጋዜጠኛውን ብቻ። ስለዚህ እኔ የምለው ተጠያቂነት ከአንባቢ የሚመጣውን ነው። ቀኑን ጠቅሶ «በጥቅምት 2014 እንዲህ ብለህ ነበር፣ ዛሬስ?» ብሎ ኮሜንት ላይ የሚጠይቅ አንባቢ። ብሎክ ቢደረግ ሌላ የሚጠይቅ። ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም፣ ጥያቄ ብቻ።

ገንዘቡስ? በ2003 እ.ኤ.አ. የኢራቅን ጦርነት ተቃውሞ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተነሳው ሃዋርድ ዲን በኢንተርኔት ትንንሽ መዋጮና በብሎገሮች ጉልበት ነበር የገነነው። በኋላ እንደታወቀው ዘመቻው ለሁለት ታዋቂ ብሎገሮች በማማከር ስም በወር 3,000 ዶላር ለተወሰኑ ወራት ከፍሏል። አንደኛው፣ ማርኮስ ሙሊትሳስ፣ ለዲን እንደሚሠራ ገጹ ላይ ጽፎ ነበር፤ ሌላኛው በዚያ ጊዜ መጻፍ አቁሟል። እንዲያም ሆኖ በ2005 ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሳ። እኛ ዘንድ ይህ ቢሆን ጭቅጭቅ አይኖርም፣ ምክንያቱም ማንም ማን እንደሚከፍለው አይናገርም። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚገባ ተመልካች ከሀገር ቤቱ የበለጠ ብር እንደሚያስገኝ ዩቲዩብ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ዳያስፖራው ደግሞ የሚመለከተው «ድል» የሚል ርዕስ ነው። ሰላም ቪው የለውም። ስለዚህ አንዱ ዋሽንግተን ተቀምጦ «ወደፊት!» ሲል፣ ያ ቃል የደሞዙ አካል መሆኑን የጎጃም ልጅ የማወቅ መብት አለው። ዘማቹ እሱ ነዋ።

እስክንድር ነጋን ማንሳት የግድ ነው፣ ቢያስቆጣም። በብዕሩ ምክንያት በመስከረም 2004 ታሰረ፣ 18 ዓመት ተፈረደበት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የፔን ሽልማት ተሰጠው፤ ተፈትቶ ባልደራስን መሠረተ፤ በ2013 ምርጫ ከእስር ቤት ሆኖ ተወዳደረ። ለሰላማዊ ትግል ታማኝ የሆነ ሰው ማለት እሱ ነበር። በኋላ የታጠቀ ቡድን መሪ ሆነ። ምክንያት የለውም አልልም፤ የተዘጋበትን በር ሁሉ ያየ ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ ደጋፊው ነው። «ብዕር እንጂ ጠመንጃ አይደለም» ይል የነበረው ደጋፊ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ አብሮ ጫካ ገባ፣ በኪቦርድ። ምን ተቀየረ? በየትኛው ቀን ላይ? የት ድረስ ነው የሚሄደው? የሚወደውን ሰው እነዚህን የማይጠይቅ ደጋፊ የኦስሎውን ፎቶ ከለጠፈው በምን ይለያል? በልብሱ ብቻ።

ይቺ ከተማ በሰላም ስም ስብሰባ አጥታ አታውቅም። የጣና ፎረም ከ2004 ጀምሮ የአፍሪካ መሪዎችን እዚሁ ሐይቅ ዳር እየሰበሰበ ስለ ጸጥታ ያወያያል፤ በጥቅምት 2015 አሥረኛው ሲካሄድ ሰሜኑ ላይ ጦርነቱ በጣም በከፋበት ሰሞን ነበር፣ ፕሪቶሪያ ሊፈረም ሳምንታት ሲቀሩት። ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ራሱ እዚሁ ከተማ መጣ። ከዚያ ወዲህ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ የክልሉ ተማሪ ከትምህርት ውጪ ሆነ። ዳታው ሲጠፋ እዚህ ያለነው ዝም አልን፤ ስለ እኛ የሚጮኹት ግን ባሕር ማዶ ያሉት ሆኑ፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት የሚሄድላቸው።

ምርጫ ሲመጣ ዕጩዎች ቀበሌ አዳራሽ ይገባሉ፣ ስለ መንገድና ስለ እንቦጭ ያወራሉ። እጃችሁን አውጡና ስለ ጦርነቱ ጠይቁ፤ ስትመረጥ ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እጅህን ታወጣለህ ወይስ አታወጣም፣ ከታጠቁት ጋር ድርድር ትጠይቃለህ ወይስ አትጠይቅም በሉት። መልሱን በስልካችሁ ቅዱት። የምትከተሉትን ጸሐፊም ይህንኑ ጠይቁት፣ ማን እንደሚከፍለው ጨምራችሁ። ከ2013 እስከ 2015 የጻፋችሁትን ያጠፋችሁ ጸሐፊዎች ደግሞ መልሳችሁ ለጥፉት፣ ከነቀኑ፣ ከሥሩ ዛሬ የምታስቡትን ጻፉበት። እንደገና ለማግኘት ከተቸገራችሁ ስክሪንሾቱ እኛ ጋ አለ።