እንቢተኛ ሽበትን በቤት ውስጥ ስለ ማቅለም

ሽበት በሕዝባችን ዘንድ የክብር ምልክት ነው። ሽማግሌ ሲገባ ወጣቱ ከመቀመጫው የሚነሣው ሽበቱን አይቶ ነው። ይሁን እንጂ ሽበት ሁልጊዜ ዕድሜን ጠብቆ አይመጣም፤ ገና በሠላሳ ዓመታቸው ጠጉራቸው የሚነጣባቸው ወንዶችና ሴቶች ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህም ያለ ጊዜያቸው አረጁ እንዳይባሉ በቤታቸው ያቀልማሉ። ቀለሙ አልይዝ ሲላቸው ግን አንዳንዶቹ ብርቱ ቀለም ፍለጋ ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሽበት ቀለምን ስለ ምን እንደሚቃወም፣ በምን ዘዴ እንደሚሸነፍና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ዛሬ ባጭሩ እንገልጻለን።

ጠጉር መልኩን የሚያገኘው ሜላኒን ከሚባለው ቀለም ነው። ይህን ቀለም የሚሠሩት በጠጉር ሥር ያሉት ሕዋሳት ሥራቸውን ሲያቆሙ አዲስ የሚበቅለው ጠጉር ነጭ ይሆናል። የጠጉር ውጫዊ ክፍል፣ የቤት ጣራ በቆርቆሮ እንደሚከደን፣ አንዱ በሌላው ላይ በተደረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የብዙ ሰው ሽበት ደረቅና ሻካራ ሲሆን ቅርፊቶቹም ጥብቅ ስለሆኑ ቀለም በቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ይህም እንቢተኝነት ይበልጥ የሚታየው በግንባር ዙሪያና በጆሮ አጠገብ ነው።

በውኃ የማይለቀው የጠጉር ቀለም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ቀለሙ ያለበት ቅባት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው አሞንያ ወይም ምትኩ ቅርፊቶቹን ይከፍታል። ሁለተኛው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ እርሱም ቀለሙ በጠጉሩ ውስጥ እንዲጎላና እንዲጸና ያደርጋል። ለእንቢተኛ ሽበት ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው 6 በመቶ የሆነው ነው፤ 3 በመቶ የሆነው ኃይሉ አነስተኛ ነው።

የአሠራሩም ተራ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ፣ ከማቅለሙ 48 ሰዓት በፊት፣ ጥቂት ቀለም ከጆሮ በስተኋላ ወይም በክንድ መታጠፊያ ላይ በመቀባት መሞከር ይገባል። ቆዳው ቢያሳክክ፣ ቢቀላ ወይም ቢያብጥ ቀለሙን ፈጽሞ መተው ነው። ከዚህ በኋላ እጅን በጓንት ሸፍኖ፣ ግንባርንና የጆሮን ዙሪያ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ቀለሙን በብረት ባልሆነ ዕቃ መለወስ ያሻል። ሽበቱ ከበዛበት ስፍራ መጀመር ይገባል፤ ቀድሞ የተቀባው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያልና። በመመሪያው የተጻፈው ጊዜ እስኪፈጸም ድረስም መታገሥ ነው። ብዙ ሰዎች ቀለሙ አልያዘም የሚሉት ሳይቆዩ ስለሚታጠቡ ነው፤ ከተወሰነው ጊዜ ማሳለፍ ግን ቆዳን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ጠጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሥሩን ብቻ ማቅለም ይበቃል። ቁስል ያለበትን ራስ ማቅለም፣ ቀለሙንም ለቅንድብና ለሽፋሽፍት ማዋል ክልክል መሆኑ አይዘንጋ።

ሂናን የሚመርጡም አሉ። በሐረርና በምጽዋ ሴቶች እጃቸውን ያስጌጡበታል፤ በሶማሌ አገር ሽማግሌዎች ጺማቸውን ያቀሉበታል። ነገር ግን ንጹሕ ሂና ነጭ ጠጉርን ወደ ቀይ ወይም ወደ ብርቱካን መልክ ይለውጣል እንጂ ብቻውን ጥቁር አያደርግም። እንግዲህ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠቁራል ተብሎ የሚሸጥ «ጥቁር ሂና» ቢገጥመን፣ ሌላ ነገር እንደተጨመረበት መጠርጠር ይገባናል።

የሚጨመረውም ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለው ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል በታወቁ የጠጉር ቀለሞችም ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን መጠኑ የተወሰነ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጠጉር ላይ በሚቀባው ድብልቅ ውስጥ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስም በሌለው ጥቅል የሚሸጠው ዱቄት ግን ልኩ አይታወቅም። አንድ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ቢውጠው ፊቱና አንገቱ ያብጣል፤ የመተንፈሻው መንገድ ይዘጋል፤ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። ከሂና ጋር በተደባለቀው በዚህ ቀለም ስለተመረዙ የካርቱም ሕፃናት የሱዳን ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ጽፈዋል። ለመርዙ የተለየ ማርከሻ ስለሌለው፣ የዋጠውን ሰው ሳይዘገዩ፣ የቀለሙንም ጥቅል ይዘው፣ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ግዴታ ነው።

ስለዚህ መግለጫ የሌለውን ቀለም ከመግዛት እንቆጠብ። የተረፈውን በስኳር ወይም በቅመም ዕቃ ውስጥ አናኑር፤ ሕፃን ከማይደርስበት ስፍራ እንቆልፍበት እንጂ። የመሥሪያ ቤት አለቆችም የሠራተኛን ትጋት በጠጉሩ መልክ አይመዝኑ፤ አንድ ሰው ወጣት ለመምሰል ሲል ጤናውን እንዲያስይዝ የሚያስገድደው ብዙ ጊዜ የሌላው ሰው ፌዝ ነውና። ሽበቱን የሚያቀልም አይነቀፍ፤ የማያቀልምም አይናቅ። ሁለቱም የሚመሰገኑት በሥራቸው ነው።