መዘምሩን ማን ጠየቀው?

በቤተ ክርስቲያን ለሰባኪ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይባላል፤ ለመዘምር ደግሞ «ዝማሬ መላእክት ያሰማልን»። ምርቃቱ ትልቅ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚመኙለት ነገርም የለም። መዘምሩም «አሜን» ብሎ ይቀበላል። ችግሩ የመላእክቱን ዝማሬ እስኪሰማ ድረስ የራሱን የሚያሰማው በሚቆራረጥ ማይክሮፎንና ብርድ ባረገበው ከበሮ መሆኑ ነው። ገና በደረሰ ቁጥር ለመዘምራን መልካሙን ሁሉ እንመኛለን። እነሱ ራሳቸው ምን እንደሚመኙ ግን ማንም አይጠይቃቸውም።

የገና ስጦታ በአገራችን የቆየ ልማድ አይደለም። ገና ለአባቶቻችን ጾሙ የሚፈታበት፣ ጎረምሳው ሜዳ ወርዶ ሩር የሚለጋበት ቀን ነበር። አሁን ከተማው ጥጥ የተነሰነሰበት ዛፍም፣ በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታም ለምዷል። ልማዱ ከመጣ አይቀር፣ ስጦታው በቅድሚያ በዓሉን በዓል ያደረጉልን ሰዎች ዘንድ ቢደርስ ምን ይለዋል? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና፣ እኔም ዛሬ ሰበካ ጉባኤዎችንና ባለጸጋ ምእመናንን ትንሽ ልነካካ ነው።

የእኛ ገና በዋዜማው ይጀምራል፤ የመዘምሩ ገና ግን ከሳምንታት በፊት ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከገባ ጀምሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከሥራና ከትምህርት መልስ እየተሰበሰቡ የበዓሉን መዝሙር ያጠናሉ። በዋዜማው ሌሊት ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ማኅሌት ይቆማሉ። ቅዳሴውም በሌሊት ስለሆነ፣ ሊቆርብ የተዘጋጀው ዘማሪ ለ18 ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምስ ነው የሚዘምረው። በላሊበላ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የቆሙት ካህናት ሲነጋ በቤተ ማርያም ቅጥር ገሚሱ ከላይ ከዓለቱ ጫፍ፣ ገሚሱ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ያቀርባሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። እኛ በስልካችን የምንቀርጸው ያንን ውበት ነው። የእግራቸው ድካም ግን ፎቶ ላይ አይታይም።

ታዲያ መዘምራን ምን ይፈልጋሉ? ሰምቼ የማውቃቸው ምኞቶች በጣም ትንንሽ ናቸው። የመጀመሪያው ከበሮ ነው። የከበሮ ቆዳ እርጥበትና ብርድ ሲያገኘው ይረግባል፣ ፀሐይ ሲነካው ይወጠራል፤ ስለዚህ ቀን ፀሐይ ላይ አውጥተው ያሰጡታል። ጠፍሩ ያለቀ፣ ቆዳው የሳሳ ከበሮ ግን ፀሐይም አያድነውም። ማደስ አለዚያም መለወጥ ነው። ሁለተኛው ጣሪያው የማያፈስ፣ መብራት ያለው የመለማመጃ ክፍል ነው። ሦስተኛው ከቅዳሴ በኋላ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ሻይ። አራተኛው መሸኛ ነው፤ በሌሊት ወጥታ ሰፈሯ ሩቅ የሆነ እህት ታክሲ በሌለበት ሰዓት እንዴት ትገባለች? ሚኒባስ ያለው አንድ ምእመን ያንን ሌሊት ቢሰጥ፣ ለብዙ ወላጆች እንቅልፍ ሰጠ ማለት ነው።

የሊቃውንቱ ጉዳይ ከሻይና ከታክሲ ይከብዳል። ድጓ የሚያስተምር መሪጌታ ለዚያ ወንበር የበቃው ከአገር አገር እየዞረ፣ በቁራሽ እንጀራ እያደረ፣ ለብዙ ዓመታት ተምሮ ነው። ቀድሞ አገልጋዮቹ በአመዛኙ የሚተዳደሩት በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ያ መተዳደሪያ ቀረ፤ ሸክሙም በምእመኑ መዋጮ ላይ ወደቀ። በከተማ ያሉ ትልልቅ አድባራት ይህን ይሸከሙ ይሆናል። የገጠሩ ደብር ግን መሪጌታውን በሚገባ መመገብ ሲያቅተው፣ መሪጌታው ሌላ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ የሚቀጥለው ትውልድ ዜማም አብሮ ይሄዳል።

ባሕር ማዶ ያሉትም የራሳቸው ምኞት አላቸው። በአሜሪካ የእኛ ገና ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ 7 ይውላል፤ ያ ቀን እዚያ የሥራ ቀን ነው። ሌሊቱን ሲዘምር ያደረ ወንድም ነጠላውን አጣጥፎ መኪናው ውስጥ ያስቀምጥና በቀጥታ ወደ ሥራው ይነዳል። ለእሱ ትልቁ ስጦታ አንድ የሀበሻ ባልደረባው «የዛሬን እኔ ልሥራልህ፣ አንተ ሂድና ተኛ» ቢለው ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን ከብዙ ገንዘብ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «አገልግሎት በነጻ ነው፤ ዘማሪ ዋጋውን ከእግዚአብሔር ያገኛል፤ ጥቅም ከገባበት መንፈሱ ይጠፋል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ዝማሬ ገበያ ሲሆን ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን የእግዚአብሔር ዋጋ ከፋይነት የእኛን ድርሻ አይሰርዝልንም።

ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምስክር ልጥራ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን የሚገልጹ ፊደላት ያኖር ነበር። ለምድራዊ ክብር የዘመረ ነው ብሎ የሚያማው የለም። ያው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1730 ለላይፕዚግ ከተማ ምክር ቤት ረጅም አቤቱታ ጻፈ። ለአንድ የመዘምራን ቡድን ቢያንስ 12፣ ቢቻል 16 ድምፃውያን ያስፈልጋሉ አለ። በእጁ ያሉትን ዘማሪ ተማሪዎች ቆጥሮም 17ቱ የሚሆኑ፣ 20ው ገና ያልደረሱ፣ 17ቱ ጭራሽ የማይሆኑ ናቸው ሲል ዘረዘረ። በዚያው ዓመት ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ደግሞ የገቢው አንድ ክፍል ከቀብር ሥርዓት ስለሚመጣ፣ አየሩ ጤናማ ሲሆንና ሰው ሳይሞት ሲቀር ኪሱ እንደሚጎዳ አጫውቶታል። ሰው ካልሞተ የማይበላ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ! ከአራት ዓመት በኋላ ዓለም እስከ ዛሬ በየገናው የሚሰማውን የልደት ኦራቶሪዮ የሠራው እንዲህ ያለ ኑሮ ይዞ ነው። መንፈሳዊ ሰው መሆን የጎደለውን ከመናገር እንደማያግድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የእኛ መዘምራን ግን አቤቱታ አይጽፉም። ያፍራሉ፤ ወይም «ምድራዊ ነገር ፈለገ» እንዳይባሉ ይፈራሉ። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ምእመኑ ነው። ጥያቄው ደግሞ በበዓሉ ማግስት ሳይሆን ጾሙ ሲገባ ይሁን፤ ለገና ሌሊት የሚሆን ከበሮ በገና ጠዋት አይታደስም። ሰበካ ጉባኤም በዓመታዊ በጀቱ ላይ ለመዝሙር ክፍሉ አንድ መስመር ይክፈትለት። ለግንብ አጥርና ለጉልላት ገንዘብ የምናገኝ ሰዎች ለሚዘምር ሰው ገንዘብ አጣን ብንል አያምርብንም።

አንድ የመጨረሻ ስጦታ አለ፤ እሱን ለመስጠት ሀብታም መሆን አያስፈልግም። መዘምራን የሚዘምሩት ታዳሚ ሆነን እንድንቀርጻቸው ሳይሆን አብረናቸው እንድንዘምር ነው። በዘንድሮው ገና ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ እንተወውና እየተቀበልን እንዘምር፤ እናጨብጭብ፤ እልል እንበል። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ከአጥቢያችሁ መዘምራን አንዱን ያዙና «ምን ጎደላችሁ?» በሉት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ «ዝማሬ መላእክት ያሰማልን» ብትሉት ምርቃታችሁ ሙሉ ይሆናል።