የሚዋኘው ሰዓቱ ነው ወይስ ሰውዬው?

በዘመናችን ከተፈጠሩት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አንዱ በእጅ አንጓ ታስሮ የሰውን እርምጃ፥ የልቡን ትርታ፥ ዋናውንም ሳይቀር የሚቆጥረው የስፖርት ሰዓት ነው። በክበባችንም ይህን ሰዓት የሚያስሩ ልጆች ቁጥር ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ሄዷል። እኔም ባለፈው ዓመት አጎቴ ስለ ሰጠኝ ከባለ ሰዓቶቹ አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው በምቀኝነት አለመሆኑን አንባቢዎቼ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ምክንያቴ ይኸውም በዚህ ዓመት ለቅብብል ዋና የሚሰለፉት አራት ልጆች የእጅ ሰዓታቸው በመዘገበው ቁጥር ይመረጡ የሚል ሐሳብ በክበባችን ስለ ተነሣና ብዙዎችም ስለ ደገፉት ነው። እኔ ይህን ሐሳብ እቃወማለሁ።

አስቀድሞ ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ርቀቱን ከሳተላይት የሚቀበል ይመስለናል። በሜዳ ስንሮጥ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሳተላይቱ ምልክት ውሃን ዘልቆ ስለማያልፍ ለገንዳ ዋና አይረዳም። በገንዳ ውስጥ ሰዓቱ አክስለሮሜትር በሚባል ጥቃቅን መሣሪያ የክንዳችንን እንቅስቃሴ ይከታተላል፤ ግድግዳውን ገፍተን ስንነሣና ክንዳችን ለጥቂት ጊዜ ሳይቀዝፍ ተዘርግቶ ሲንሸራተት «ዞረ» ብሎ ይገምታል። ከዚያ በኋላ የቆጠረውን ጉዞ እኛው ራሳችን በነገርነው የገንዳ ርዝመት ያባዛዋል። እንግዲህ ርቀቱን ለካ ከማለት ገመተ ማለት ይቀላል። መነጽሩን ለማስተካከል በገንዳው መካከል ቆሞ እንደ ገና የተነሣ ልጅ አንድ ጉዞ ሊጨመርለት ይችላል፤ ተንሳፋፊ ሰሌዳ ይዞ በእግሩ ብቻ ሲደክም የቆየው ግን ክንዱ ስላልቀዘፈ ምንም እንዳልሠራ ይቆጠርበታል። (ይህ እኔን በጣም ያናድደኛል፤ ከልምምዱ ሁሉ የሚያደክመኝ እርሱ ነውና።)

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር። ሁለት ወር ሙሉ «1,000 ሜትር ዋኘሁ፤ 100 ሜትሩንም በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ እጨርሳለሁ» እያልሁ በቤት ውስጥ ስፎክር ከረምሁ። አባቴም ለእንግዳ ሁሉ ይናገርልኝ ነበር። አንድ ቀን ገንዳው ሊታጠብ ውሃው ፈስሶ ባገኘው ጊዜ ከጎረቤታችን ከአናጢው ሜትር ተውሼ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካሁት። 22 ሜትር ብቻ ሆነ! ሰዓቴ ግን 25 ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ስለዚህ 40 ጊዜ በተመላለስሁ ቁጥር 1,000 ያለኝ በእውነቱ 880 ሜትር ነው፤ «100 ሜትር» ያልሁትም 88 ሜትር ነው። በዚያው ፍጥነት እውነተኛውን 100 ሜትር ብዋኝ 1 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ያህል ይፈጅብኛል። ይህን ለአባቴ ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

«ታዲያ 22 ብለህ ሙላውና ይለቅልሃል» የሚሉኝ አሉ። እኔም ሞልቼዋለሁ። ነገር ግን ከክበባችን ልጆች አንዳንዱ በሆቴል ገንዳ፥ አንዳንዱ በሌላ ስፍራ ይለማመዳል፤ የየገንዳውን ርዝመት ማን ለካው? ሰዓቱ ያመጣውን ቁጥር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ማወዳደር በተለያየ ቁና የተሰፈረ ጤፍ እንደ ማወዳደር ነው።

በታላላቆቹ ውድድሮች እንኳ ይህ ነገር ብዙ አከራክሯል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በሮማው ኦሊምፒክ፥ በ1952 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960) የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ፍጻሜ ላይ የአውስትራሊያው ጆን ዴቪትና የአሜሪካው ላንስ ላርሰን እኩል ለመባል ምንም ሳይቀራቸው ደረሱ። በእጅ ሰዓት የያዙት ሦስቱ ሰዎች ለላርሰን 55.0፥ 55.1 እና 55.1 ሴኮንድ ሲመዘግቡ፥ ለዴቪት ሦስቱም 55.2 መዘገቡ። ዳኞቹ ግን በዓይናቸው አይተው ስላልተስማሙ ዋናው ዳኛ ወርቁን ለዴቪት ሰጡ፤ የላርሰንም ጊዜ 55.2 ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ነው ዋናተኛው ራሱ በእጁ ሲነካው ሰዓቱን የሚያቆም ሰሌዳ በግድግዳው ላይ የተተከለው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሥራ ላይ ውሏል። ልብ በሉ፤ መሣሪያው የተተከለው በግድግዳው ላይ እንጂ በዋናተኛው አንጓ ላይ አይደለም።

በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሙኒክ በ400 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ የስዊድኑ ጉናር ላርሶን የአሜሪካውን ቲም ማኪን በሴኮንድ 2 ሺኛ ብቻ ቀደመው ተባለ። ኋላ ግን አንዱ መስመር ከሌላው በጥቂት ሚሊሜትር ሊረዝም እንደሚችል ታስቦ በሺኛ ማበላለጥ ቀረ። እነርሱ ስለ ሚሊሜትር ሲጨነቁ እኔ በ3 ሜትር ስህተት ስፎክር ነበር።

ይህን ስል ሰዓቱን ጣሉት ማለቴ አይደለም። እኔን የመጀመሪያውን 100 ሜትር በጥድፊያ ጀምሬ በመጨረሻው እንደምዝል ያሳየኝ እርሱ ነው፤ አሠልጣኛችን ስንት ጊዜ ሲነግሩኝ አልሰማሁም ነበር። አንድ ሰው በአንድ ገንዳ የትናንቱን ከዛሬው ሲያስተያይ ይጠቅማል። ሴኮንዱንና የቀዘፋውን ብዛት ደምሮ የሚሰጠው ስዎልፍ የሚባለው ቁጥርም እንዲሁ ለራስ ብቻ ነው፤ ረጅምና አጭር ልጅ በእርሱ ቢወዳደሩ ከንቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ይህ ነው። በክበባችን ዘወትር ከእኔ ቀድሞ ግድግዳውን የሚነካ አንድ ልጅ አለ። ሰዓት የለውም፤ ቤተሰቡም ሊገዙለት አይችሉም። በታሰበው አመራረጥ የእኔ ስም በዝርዝሩ ላይ ይገኛል፤ የእርሱ አይገኝም። እኔ በእርሱ ቦታ ተሰልፌ ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ?

ስለዚህ አሠልጣኛችን አንድ ቅዳሜ ይወስኑልን። ሁላችንም በአንድ ቀን፥ በአንድ ገንዳ፥ በአንድ ፉጨት እንነሣ፤ በየመስመሩ ጫፍ ሁለት ሁለት ልጆች ክሮኖሜትር ይዘው ይቁሙ። 22 ሜትሩም ለሁላችን እኩል 22 ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ሜትሩን ከአናጢው ጎረቤታችን ዳግመኛ ተውሼ አመጣለሁ።