የመስቀል ወፍ ወዴት ትሄዳለች?

እኔ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ብዙ ዘመን ያገለገልሁ ሰው እንደ ሆንሁ ታውቃላችሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ከዳኞች አፍ ዘወትር የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ምስክር ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ፥ «ይህን ነገር በዓይንህ አይተሃል ወይስ ከሰው ሰምተሃል?» የሚል ነው። እኔም ያየውን አየሁ ብዬ፥ የሰማውን ሰማሁ ብዬ ለይቼ እጽፋለሁ። ነገር ግን በችሎት ፊት የምጠብቀውን ይህን ሥርዓት በገዛ ቤቴ አፍርሼው ነበር። ለሌሎች አባቶችና እናቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ዛሬ ነገሩን እገልጻለሁ።

ባለፈው ጥር ወር የዐሥር ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ ገባ። ምክንያቱን ብጠይቀው፥ በክፍሉ ውስጥ ስለ ወፎች ሲነገር እርሱ ተነሥቶ፥ «የመስቀል ወፍ አልሄደችም፤ ከሰፈራችን በላይ ባለው ጅረት ዳር እስካሁን አለች፤ ልብሷን ብቻ ለውጣለች» ቢል፥ ልጆቹ ሁሉ እንደ ሳቁበት ነገረኝ። እኔም አባት ነኝና ማጽናናት ሲገባኝ፥ «የመስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትታይ ማን የማያውቅ አለ? ጠፍቶ የከረመውን ወዳጅ የመስቀል ወፍ ሆንህ የምንለው ስለዚህ አይደለምን? ያላየኸውን አየሁ አትበል» ብዬ ተቈጣሁት። እርሱም «አባባ፥ አይቻለሁ» አለ። ይህንኑ ቃል ሦስት ጊዜ መላልሶ ተናገረ። እኔ ግን ሐሰቱን ደጋገመ ብዬ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋራ ወደ ሾላ ገበያ መውረዱን ለአንድ ወር ከለከልሁት። በሥጋ ሻጮች በላይ የሚያንዣብበውን ጭላት ቆሞ ማየት ከጨዋታ ሁሉ አብልጦ ይወድ ነበርና ቅጣቱ ከባድ ሆነበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ስለ ወፍ በፊቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም ዝምታውን እንደ መታረም ቈጠርሁት።

ወራቱ አለፈ። በነሐሴ መጨረሻ ለዘመን መለወጫ የሚሆን ቅቤና በርበሬ ለመግዛት ከባለቤቴ ጋራ ወደ ሾላ ገበያ ወረድን፤ ልጁም ተከተለን። ከተራራው ቄጤማ አጭደው ከሚሸጡት ሴቶች መካከል በአንዲት አሮጊት ፊት ቆመን ስንዋዋል፥ ልጄ ከነዶው ውስጥ አንዲት ቢጫ ላባ አግኝቶ አነሣ። ወደ እኔ ተመለከተና ምንም ሳይናገር በኪሱ ከተታት። አሮጊቷም አይተው፥ «የመስቀል ወፍ ላባ ናት፤ ቤቷን የምትሠራው በቄጤማው ውስጥ ነውና» አሉ።

«እማማ፥ መስቀል ገና ነው፤ እንግዲህ ከሄደችበት አገር ተመልሳ መጣች ማለት ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አሮጊቷም ሳቁና፥ «ወዴት ትሄዳለች ልጄ? እኔ ክረምት ከበጋ ከዚያ ጅረት አልጠፋም። በጋ ሲሆን እንደ ድንቢጥ ቡላ ትሆናለች፤ በወገቧ ላይ ያለው ቢጫ ግን አይጠፋም። የሚያያት ጠፋ እንጂ እርሷስ አለች» ብለው መለሱልኝ።

በዚያች ሰዓት ፊቴ በእፍረት ጋለ። ምስክሮቹ ሁለት ሆኑ፤ ሁለቱም በዓይናቸው ያዩ ናቸው። እኔ ግን የሰማሁትን ይዤ ባየው ላይ ፈርጄ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ዓይኑን በቄጤማው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ፍርድ ቤት በክረምት ዕረፍት ላይ ነበረና፥ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ልጁን ቀስቅሼ፥ «ያችን ጅረት አሳየኝ» አልሁት። ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን የተራራ መንገድ ይዘን ወጣን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ ሣሩ ውኃ ተሸክሞ ነበር። መጀመሪያ የደረሰልን የጋጋኖ ጩኸት ነው፤ ከማደሪያቸው ተነሥተው በመንጋ ሆነው ከራሳችን በላይ አለፉ። ሰውነታቸው ጠቆር ያለ፥ በክንፋቸው ላይ ነጭ ያለባቸው፥ መንቈራቸው ረዥምና ወደ ታች የታጠፈ፥ ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለ ነው። የጋጋኖን ስም በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት ወፎች ተርታ ተምሬው ነበር፤ መልኳን ግን እስከዚያች ማለዳ ድረስ ለይቼ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎም በገደሉ አፍ ላይ ትልቁን ቁራ አየን፤ መንቈሩ እጅግ ወፍራም ነው፥ በማጅራቱም ላይ ነጭ ምልክት አለበት። ይህን ቁራ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1836 ዓመት ሳይንሳዊ ስም የሰጠው፥ በአገራችን የተዘዋወረው ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ጋጋኖንና በአንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላትን የደጋ እርግብም በ1837 በመጽሐፍ የመዘገበ እርሱ ነው። እነዚህ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ተወላጆች ናቸው። በአገራችን ከሚገኙት ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች መካከል እንዲህ ያሉትን ለማየት ብዙ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ፤ እኛ ግን በየማለዳው በደጃችን ሲያልፉ ቀና ብለን አናይም።

በባሕር ዛፉ ውስጥ ስናልፍ የወፍ ድምፅ ቀነሰ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ከተማችንን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለ ውለታ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ቍጥቋጦ እምብዛም ስለማያበቅል ለብዙ ወፎች መጠለያና ምግብ አይሆንም። ጽድ፥ ወይራና ኮሶ በቀሩበት ስፍራ፥ ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ፥ ዝማሬው ይበዛል።

ወደ ጅረቱ በደረስን ጊዜ ልጄ ክንዴን ያዘና «ቁም» አለኝ። ጥቂት ዝም ብለን ከቆምን በኋላ ከቄጤማው ጫፍ ላይ አንድ ወንድ ወፍ ተነሣ፤ ሁለንተናው እንደ ከፋይ ጥቁር ሆኖ፥ ትከሻውና ወገቡ የሚያበራ ቢጫ ነው። ላባውን ነፍቶ በቀስታ እየበረረ ከዘንግ ወደ ዘንግ ሄደ። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ሌላ ወንድ ነበረ፤ ይህኛው ገና ልብሱን አልጨረሰም፤ ቡላው በጥቁር መካከል እንደ ተጣፈ ጨርቅ ሆኖ ይታያል። ልጄም በጣቱ እያመለከተ፥ «ይኸው አባባ፥ በጥር ያየሁት ሁሉ ቡላ ነበረ፤ አሁን እየለበሰ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም በየስፍራው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል፤ በእኛ ተራራ የምናየው ግን እንግሊዞች ቢጫ ጳጳስ የሚሉት ነው። ሴቷ ዓመቱን ሁሉ ቡላ ናት። ወንዱ ዝናብ መጥቶ ሣሩ ሲረዝምና ዘሩ ሲበዛ፥ ሚስት ለመጥራትና ስፍራውን ለማስከበር ጥቁርና ቢጫውን ይለብሳል፤ ጫጩቶች አድገው በጋው ሲገባ ደግሞ ያን ጥሎ እንደ ሴቷ ይሆናል። እኛም ደማቁን ልብስ ስናጣ ወፏ አገር ለቀቀች እንላለን።

በእውነት የሚሄዱና የሚመጡ ወፎችም አሉ። በዚያው መስክ ላይ ጅራቷን ሳታቋርጥ የምታወዛውዝ ቀጭን ቢጫ ወፍ አየን፤ እንዲህ ያለችው አውሮጳ መቀዝቀዝ ሲጀምር ወደ እኛ መጥታ የምትከርም እንግዳ ናት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ወፎች ከአገር ወደ አገር እንደሚፈልሱ ተምሬ ስለ ነበረ፥ የመስቀልን ወፍ ከእነዚያ ጋራ ቈጥሬአት ኖሬአለሁ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ዕውቀት ሰጥተውኛል፤ ቆሞ መመልከት ግን የእኔ ድርሻ ነበር፥ እርሱን አልተወጣሁም።

በድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና፥ «ልጄ፥ በጥር የተናገርኸው እውነት ነበር። እኔ ሳልመረምር ፈረድሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት።

ልጁም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «አባባ፥ ለክፍሌ ልጆችስ ትነግርልኛለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በሰው ፊት የተዋረደ ክብሩ በሰው ፊት ሊመለስለት እንዲገባ ሕፃኑ ከእኔ ከጸሓፊው ይልቅ ዐውቆ ነበር። ስለዚህ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት መምህሩን አስፈቅጄ ከልጆቹ ፊት ለመቆም፥ ያየሁትንም ለመመስከር ቃል ገባሁለት።

እናንተም ወላጆች ሆይ፥ ክረምቱ ሲወጣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ማለዳ ወደ ተራራው ብትወጡ መልካም ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ተነሡ፤ ነጭ ልብስ ወፍን ያስደነግጣልና ጠቆር ያለውን ልበሱ፤ የርቀት መነጽር ባይኖራችሁ በአንድ ስፍራ ዝም ብሎ መቆም ብዙ ያሳያል። ልጆች ወንጭፍ እንዳይዙ፥ ጎጆም እንዳይነኩ አስጠንቅቁ። በምትኩ ደብተር ስጧቸውና ቀኑን፥ ስፍራውንና በዓይናቸው ያዩትን ይጻፉ፤ ከሰው የሰሙትንም በሌላ ገጽ ለይተው ያስቀምጡ። ልጅ አየሁ ብሎ በመጣ ጊዜም «ሐሰት ነው» ከማለት በፊት «የት ነው ያየኸው? እስቲ አሳየኝ» በሉት።

ቢጫዪቱ ላባ ዛሬ በልጄ ደብተር ውስጥ ተለጥፋ ትገኛለች። ከሥሯም ቀኑን ጽፎ፥ «ሾላ ገበያ፤ ከአባባ ጋራ» ብሎበታል።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።