ስልኩ እስኪጠራ ኑሮ አይቆምም



ባለፈው እሑድ ኢስሊ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠራን። እጣኑ ጨሷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። አቦሉ ሲቀዳ ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ሰባታችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። በረካው ተጠጥቶ ስንነሳ ምን እንዳወራን ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

ምን እንደምንጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ከታገደ ወዲህ የብዙዎቻችን ፕሮሰስ ቆሟል። እኛም አብረን ቆምን። አስተማሪ ነኝ፤ አካሉ ተቀምጦ ልቡ የሌለ ተማሪ ሳይ እቆጣለሁ። እኔ ራሴ ግን ስንት ቀን ሰሌዳው ፊት ቆሜ ልቤ ሌላ አገር ነበር!

«ልብን ማሳረፍ የጠገበ ሰው ነገር ነው» የምትሉ አላችሁ። አልስማማም። በሰሜን ኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ 694 ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2020 ወጥቷል። ግማሾቹ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የአምስት ጊዜ ሥልጠና በቡድን ሆነው ከተቀዳ ድምፅ ተከታተሉ። ሐሳብ ሲወስዳቸው እግራቸውን መሬት ላይ ጫን አድርገው፣ ቀስ ብለው ተንፍሰው፣ የሚያዩትንና የሚሰሙትን ልብ እንዲሉ ተማሩ። ከሦስት ወር በኋላም ሥልጠናውን ካላገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኘ። ካምፑ ያው ካምፕ ነው፤ እነሱ ግን ትንሽ ቀለላቸው።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ጽሞና ይሉታል። ሙስሊም ወንድሞቻችን በቀን አምስት ጊዜ ሥራቸውን አቁመው ይሰግዳሉ።

«እንግዲህ ዝም ብለን እንቀመጥ?» አላልኩም። ቀጠሮ እንሄዳለን፣ አቤቱታ እንጽፋለን፣ መብታችንን እንጠይቃለን። መልሱ የቢሮው ዕዳ ነው፤ በመሀል ያለው ቀን ግን የእኛ ነው። የተረበሸ ሰው ደግሞ አቤቱታም በቅጡ አይጽፍም።

እኔ የጀመርኩት ትንሽ ነገር ነው። ማታቱ ውስጥ ስልኬን አልከፍትም። ክፍል ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ሐሳቤ እንደ ጥጃ ያመልጣል፤ ሳልቆጣ እመልሰዋለሁ። እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ግን ይህ አይበቃውም፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት።

አገር ቤትና ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ስትደውሉ መጀመሪያ «ፕሮሰሱ ከምን ደረሰ?» አትበሉን። «ዛሬ ምን በላችሁ? ልጆቹ እንዴት ዋሉ?» በሉን። አዲስ ነገር ካለ እኛው ቀድመን እንደውላለን።

የሚቀጥለው እሑድ ቡና እኔ ቤት ነው። ስልክ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶ መሶቡ ላይ ይቀመጣል። በዚህ የተስማማ ይምጣ።

ቸር ያሰማን።