ስለ ሂናና ስለ ጸጉር ማቅላት

ሂና በሙቅና በደረቅ አገር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ከጥንት ዘመን ጀምሮ በግብጽ፣ በዐረብና በህንድ አገር ቅጠሉን አድርቀው እየወቀጡ ጸጉርና እጅ ያቀሉበታል። በእኛም አገር በሐረርና በሱማሌ ወገን ሴቶች እጅና እግራቸውን፣ ሽማግሎች ጢማቸውን ይቀቡታል። የደጋው ሰው እንሶስላ ከሚለው ጋራ ግን አንድ አይደለም፤ እንሶስላ የሚያቀላው በሥሩ ነው፣ ሂና ግን በቅጠሉ።

ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ ጸጉርን ስለ ምን ያቀላል ቢሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ሊቃውንት ሎውሶን የሚሉት ቀለም ተሰውሮ ይገኛል፤ መጠኑም ከመቶ 1 እጅ ያህል ነው። ዱቄቱ በውሃና በጥቂት ሎሚ ሲለወስ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይለቀቃል። ስለዚህ እንደ ተለወሰ ወዲያው መቀባት አይገባም፤ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። የጸጉር አካል ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ሎውሶንም በግድግዳ ላይ እንደ ተቀባ ኖራ በላዩ ብቻ አይቀርም፤ ከኬራቲኑ ጋራ ይያያዛል። በሳሙና የማይለቀው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ጸጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሽበቱ ከሥሩ እንደ ገና ብቅ ይላል። በታጠበበት ቀን መልኩ እንደ ብርቱካን ያበራል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ግን ነፋስ እያገኘው ይጠልቃል። በመስተዋት ፊት የደነገጠ ሰው እስከዚያ ይታገሥ።

ሂና የጸጉርን ጥቁረት አያነጣም፣ በላዩ ይጨምርበታል እንጂ። ነጩ እንደ መዳብ ሲቀላ፣ ጥቁሩ በፀሐይ ጊዜ ብቻ ቀላ ብሎ ይታያል። በእኛ አስተያየት ይህ መበላለጥ ያምራል፤ ብዙ ሰው ግን ጥቁር ይሻል፣ ጉዳትም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥቁር ሂና የሚባል ቅጠል የለም። ጸጉሩን በቅጠል ማጥቈር የፈለገ በመጀመሪያ ሂና፣ ቀጥሎ የኢንዲጎ ቅጠል ዱቄት ይቀባል፤ ይህም የሰዓታት ሥራ ነው። በጥቂት ደቂቃ ያጠቍራል ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ፓራፌኒሌንዲያሚን የሚባል የፋብሪካ ቅመም ይገኛል። የአውሮጳ ኅብረት ሕግ ይህ ቅመም በጸጉር ላይ ሲደረግ ከመቶ 2 እጅ እንዳያልፍ ወስኗል፤ በቆዳ ላይ መቀባቱንም ከልክሏል። ያለ ልክ ሲገባ ቆዳን ያቈስላል፣ ፊትንም ያሳብጣል። አንድ ጊዜ የተቈጣበት ሰውነት ከዚያ ወዲያ ለጥቂቱም ይቈጣል። ቢዋጥ ጉሮሮን አሳብጦ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ኩላሊትንም ይጐዳል። ከሂና ጋራ በተቀላቀለ በዚሁ ቅመም በካርቱም ስለ ታመሙ ሕፃናት ሐኪሞች በ1992 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጽፈዋል።

ስለዚህ ገዢው የዱቄቱን መልክና ሽታ ይመልከት። ንጹሕ ሂና አረንጓዴ ሆኖ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ዱቄቱ ጥቁር ከሆነ ሂና ብቻ አይደለም። የብረታ ብረት ጨው የተጨመረበትም አለ፤ በዚህ በተቀባ ጸጉር ላይ ኋላ የፋብሪካ ቀለም ቢደረግ ጸጉሩ ግሎ ይሰባበራል። ከማበጠሪያ ላይ የተለቀመ ጸጉር አስቀድሞ ቀብቶ መፈተን ይህን ይገልጣል።

ሕፃናትን ግን ንጹሑንም ሂና መቀባት አይገባም። ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው የደም ጠባቂ ከትውልድ በጐደላቸው ሕፃናት ሎውሶን በቆዳ ገብቶ ቀዩን የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ጕድለቱም አስቀድሞ በዓይን አይታይም።